የቪፒኤኑ የደህንነት ፍተሻ ስክሪፕት አልነሳ ሲል፦ ኦፕንኮኔክት እና የሲስኮ ሲኤስዲ

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ የመሥሪያ ቤቴን ኔትወርክ የምጠቀመው በሲስኮ ቪፒኤን ነው። ላፕቶፔ ኡቡንቱ 22.04 ስለሆነ ኦፕንኮኔክት የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) አስነሳለሁ። ፓስወርዱን ይቀበለኛል፤ ቀጥሎ ግን «ሲኤስዲ ስክሪፕት ሪተርንድ ነን-ዜሮ ስታተስ፦ 1» ይልና «ሪፍሬሺንግ … ዌይት.ኤችቲኤምኤል አፍተር 1 ሰከንድ» የሚለውን መስመር ያለማቋረጥ ይደጋግማል። ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ከሚጠቀም የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ ነው ያመጣሁት። በቺሞድ 777 (ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ) ሰጥቼዋለሁ፤ ለውጥ የለም። በእጄ «ባሽ» ብዬ የፋይሉን ስም ስጽፍ ግን ይነሳና የሆነ ያልሆነ ነገር ይጽፋል። ችግሩ ከኔ ነው ወይስ ከሰርቨሩ?

ምላሽ፦ ከእርስዎ በኩል ነው፣ እንደ እድል ሆኖ። ከነገሩን ውስጥ ሦስቱ ነገሮች ብዙ ይናገራሉ፦ ስክሪፕቱ ከዊንዶውስ መምጣቱ፣ በፍላሽ መምጣቱ፣ እና «ባሽ» ሲሉት መነሳቱ። እነዚህ ሲገጣጠሙ ስክሪፕቱ ከሰርቨሩ ጋር ተነጋግሮ ውድቅ የተደረገ አይመስልም፤ ጭራሹን አልተነሳም። ለማረጋገጥ ከዚያች የስህተት መስመር ከፍ ብለው ይመልከቱ። «ፌይልድ ቱ ኤግዜክ ሲኤስዲ ስክሪፕት» የሚል ካለ ጉዳዩ ታወቀ፦ 1 የሚለው ቁጥር የስክሪፕቱ መልስ ሳይሆን ኦፕንኮኔክት ራሱ «ላስነሳው አልቻልኩም» ሲል የሚያወጣው ቁጥር ነው።

(ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን በድምፃቸው በፊደላችን አስቀምጫለሁ። ተርሚናል ላይ ሲጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ ሰረዙንና ሌሎቹን ምልክቶች ግን እንዳሉ ጠብቀው ነው።)

ቀጥሎ የሚመጣው መደጋገም ሁለተኛ ችግር አይደለም፤ የመጀመሪያው ጥላ ነው። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ኩኪውን (የመግቢያ ማለፊያውን) ከመስጠቱ በፊት «መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይፈተሽ» ይላል፤ ሲስኮ ይህን ሲኤስዲ ወይም ሆስትስካን ሲለው ቆይቶ ኋላ ላይ ሴኪዩር ፋየርዎል ፖስቸር ብሎ ሰይሞታል። የፍተሻ ትኬት ይሰጥና ውጤቱ እስኪደርሰው ድረስ «ዌይት.ኤችቲኤምኤል» የተባለች የመጠበቂያ ገጽ ላይ ያቆማል። ኦፕንኮኔክት ስክሪፕቱን አስነስቶ ያንን ገጽ በየሰከንዱ እያደሰ ይጠይቃል። ሪፖርቱን ለሰርቨሩ የሚያደርሰው ስክሪፕቱ ብቻውን ነው፤ የራሱን የኤችቲቲፒኤስ ግንኙነት ከፍቶ ይልካል። ስክሪፕቱ ሲያበቃ ለኦፕንኮኔክት ከሚመልሰው አንድ ቁጥር በቀር ሌላ መልእክት የለም። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሳይነሳ ቢቀር ሰርቨሩ የማይመጣ ሪፖርት እየጠበቀ ይቀመጣል፣ ኦፕንኮኔክትም የማይከፈት በር ያንኳኳል። እርስዎ ያሉበት የ8.20 ትውልድ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ሲመለስለት አያቆምም፤ «ወደፊት የሚመጡት እትሞች በዚህ ስህተት ያቆማሉ» ብሎ አስጠንቅቆ ይቀጥላል። ቢያቆም ይሻል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያየው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ብቻ ስለሆነ ዙሩን እንደ ዋና በሽታ ይቆጥረዋል።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ባይቀላቀሉ ይመረጣል። ስክሪፕቱ ተነሳ ወይ? ከተነሳስ የላከውን ሰርቨሩ ተቀበለው ወይ?

በመጀመሪያው እንጀምር። ከዊንዶውስ የመጣ ጽሑፍ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ሊኑክስ የማይፈልገው አንድ የማይታይ ቁምፊ ተጨማሪ ይዞ ይመጣል። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር «#!/ቢን/ባሽ» ስትሆን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያንን ቁምፊ የስሙ አካል አድርጎ ይወስደውና «ባሽ-ምናምን» የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋል። የለም። የሚመለሰው ስህተት «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ነው፤ ፋይሉ ዓይንዎ ፊት ቁጭ ብሎ «የለም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የጠፋው ስክሪፕቱ አይደለም፣ አስተርጓሚው ነው። «ባሽ» ብለው በእጅ ሲያስነሱት የመጀመሪያዋ መስመር እንደ ተራ ማስታወሻ ስለምትታለፍ ይነሳል፤ «የሆነ ያልሆነ ነገር ይጽፋል» ያሉት ግን ምናልባት በየመስመሩ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» እያለ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። «ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ከስክሪፕቱ ስም ጋር ይጻፉ፤ መልሱ ውስጥ «ሲአርኤልኤፍ ላይን ተርሚኔተርስ» የሚል ካዩ ይኸው ነው። «ዶስ2ዩኒክስ» የተባለውን ጥቅል በአፕት ጭነው በፋይሉ ላይ አንድ ጊዜ ቢያሂዱት ይጸዳል።

ሆኖም እኔ የምመርጠው ያንን ፋይል ጭራሹን መተው ነው። ኦፕንኮኔክት ሲጫን እነዚህን ስክሪፕቶች ይዞ ይመጣል። «ዲፒኬጂ -ኤል ኦፕንኮኔክት» ብለው (ኤሏ ትልቋ ናት) ከሚዘረዘሩት መካከል ሲኤስዲ የሚል የያዙትን ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት «/ዩኤስአር/ሊብኤግዜክ/ኦፕንኮኔክት/» ሥር ነው። «ሲኤስዲ-ፖስት.ኤስኤች» እና «ሲኤስዲ-ራፐር.ኤስኤች» የተባሉ ሁለት ያገኛሉ፤ ልዩነታቸውን ወደታች እነግርዎታለሁ። ከጥቅሉ የመጣው ንጹሕ ነው፣ ባለቤቱ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ነው፣ የማስነሻ ፈቃዱም ተሰጥቶታል። ማን ምን እንዳስገባበት የማያውቁትን ስክሪፕት በሱዶ ከማስነሳት ይሄ ይሻላል።

የባልደረባዎ ፋይል መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያስተካከለው ከሆነና የግድ እሱን መጠቀም ካለብዎ ቀጣዮቹን ሁለት ነገሮች ይመልከቱ። አንደኛ፣ የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር ያንብቡ። ከኢንተርኔት «ሴቭ አዝ» ተብሎ የተቀመጠ ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ስክሪፕቱ ሳይሆን ስክሪፕቱን የሚያሳየው የድረ ገጽ ኮድ ሆኖ ይገኛል። «#!» የሚል መነሻ ጭራሹን የሌለው ፋይልም አለ፤ ይሄኛው በተለይ አሳሳች ነው። ተርሚናል ላይ ስሙን ጽፈው ሲያስነሱት ሼሉ «መነሻ የለውም፣ እኔው ላንብበው» ብሎ ይረዳዎታል፤ ኦፕንኮኔክት ግን በቀጥታ ለከርነሉ ስለሚሰጠው እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለም። በእጅ የሠራ ሁሉ በኦፕንኮኔክት ይሠራል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ አሁንም ፍላሹ ላይ ነው? ፍላሹ በፋት የተፎረመተ ከሆነ የሊኑክስን የፈቃድ ምልክት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ቺሞድ ቢያደርጉለትም አይያዝም። ኡቡንቱ ፋት ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተው «ሾውኤግዜክ» በሚባል አማራጭ ነው፤ በዚህ አማራጭ የማስነሻ ፈቃድ ያላቸው ሆነው የሚታዩት ስማቸው በኤግዜ፣ በኮም ወይም በባት የሚያልቁ ፋይሎች ብቻ ናቸው። በኤስኤች የሚያልቅ ፋይል አይታይለትም። 777 ለውጥ ያላመጣው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ወደ «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን/» ይቅዱትና ባለቤቱን ሩት፣ ፈቃዱን 755 ያድርጉት።

777ን በተመለከተ፦ እባክዎ ይተዉት። ማንኛውም ፕሮግራም ሊጽፍበት የሚችል፣ ሩት ሆኖ የሚነሳ ፋይል ማለት ነው። ችግርን የማይፈታ፣ ሌላ ችግር የሚጨምር ልማድ ነው።

አሁን ወደ ትእዛዙ አጻጻፍ። ስክሪፕቱ የት እንዳለ ለኦፕንኮኔክት የሚነግረው አማራጭ «--ሲኤስዲ-ራፐር» ነው። «--ሲኤስዲ-ራፐር=~/ስክሪፕት» ብለው ከጻፉ ባሽ ከእኩል ምልክቱ በኋላ የመጣችውን ~ ወደ ቤትዎ ፎልደር አይተረጉማትም፤ ኦፕንኮኔክት የሚደርሰው ~ የምትባል ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ነው። ሙሉውን አድራሻ ከ«/ሆም» ጀምረው ይጻፉ። «./ስክሪፕት» የሚል አጭር አድራሻም አይሠራም፤ «--ሲኤስዲ-ዩዘር» ከተሰጠ ኦፕንኮኔክት ስክሪፕቱን ከማስነሳቱ በፊት ማንነቱን ወደዚያ ተጠቃሚ ቀይሮ ወደ እሱ ቤት ፎልደር ይሄዳል፣ አጭሩ አድራሻም ከዚያ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይጠቁማል።

ስለ «--ሲኤስዲ-ዩዘር» ካነሳን፦ ኦፕንኮኔክትን በሱዶ እያስነሱ ይህን አማራጭ ካልሰጡ ፍተሻው ሩት ሆኖ ይነሳል። ይህ ጥሩ አይደለም። ግን ለጥንቃቄ ብሎ «ኖባዲ» የሚለውን ተጠቃሚ መስጠት የተለመደ ወጥመድ ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን የኖባዲ ቤት ተብሎ የተመዘገበው ፎልደር በዲስኩ ላይ የለም፤ ስለዚህ ወደዚያ መሄድ ያቅተውና ስክሪፕቱ ሳይደረስበት ያበቃል። ከዚህም ሌላ ኡቡንቱ ከ21.04 ወዲህ የሚፈጥራቸው የቤት ፎልደሮች ፈቃዳቸው 750 ነው፤ ስክሪፕቱ እርስዎ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያስነሳው ሌላ ተጠቃሚ ከሆነ በሩን አልፎ መግባት አይችልም። የራስዎን የተጠቃሚ ስም ይስጡ፣ ስክሪፕቱንም ለሁሉም የሚነበብ ቦታ ያድርጉ።

ይህን ሁሉ አስተካክለው «ፌይልድ ቱ ኤግዜክ» ጠፍቶ ቁጥሩ ግን አሁንም ዜሮ ካልሆነ ስክሪፕቱ ተነስቶ መንገድ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መገመት አያስፈልግም፤ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። በእጅ ማስነሳት ግን አያዋጣም፦ ስክሪፕቱ ከኦፕንኮኔክት የሚቀበላቸው ነገሮች አሉ። ሲኤስዲ_ሆስትኔም፣ ሲኤስዲ_ቶክን እና ሲኤስዲ_ኤስኤችኤ256 የተባሉ ተለዋዋጮች አሉ፤ በተጨማሪም «-ቲኬት»፣ «-ስተብ»፣ «-ግሩፕ»፣ «-ሰርትሃሽ»፣ «-ዩአርኤል» እና የመሳሰሉት ከነዋጋቸው ይተላለፋሉ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ደግሞ ከሰርቨሩ የወረደው ፋይል ስም ይቀመጣል፤ ምንም ካልወረደ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ስክሪፕቱ ይህን የመጀመሪያውን ጥሎ ከሁለተኛው ነው የሚያነበው። በእጅ ያስነሳ ሰው ባዶውን ቦታ ሲረሳ ሁሉም ነገር በአንድ ይንሸራተታል።

መፍትሔው መሐል ላይ የሚቀመጥ አጭር ሰላይ ስክሪፕት ነው። የመጀመሪያ መስመሩ «#!/ቢን/ባሽ»። በሁለተኛው «ዩማስክ 077» ብለው የሚፈጠረው ሎግ ለእርስዎ ብቻ እንዲነበብ ያድርጉ። በሦስተኛው «ኤግዜክ 2>>» ብለው በቤትዎ ፎልደር ውስጥ ያለ የሎግ ፋይል ስም ይስጡ፤ ከዚያ ወዲያ የስህተት መልእክት ሁሉ ወደዚያ ይፈስሳል። በአራተኛው «አይዲ»፣ «ፒደብሊውዲ» እና በሲኤስዲ የሚጀምሩትን ተለዋዋጮች ወደዚያው ያትሙ። በመጨረሻው መስመር «ባሽ -ኤክስ» ብለው የእውነተኛውን ስክሪፕት ሙሉ አድራሻና «"$@"» ይጻፉ። ጥቅሶቹ ወሳኝ ናቸው፤ ያለነሱ ያ ባዶ ቦታ ይጠፋል። ከዚህ መስመር ሥር ምንም አይጨምሩ፤ ከጨመሩ ወደ ኦፕንኮኔክት የሚመለሰው ቁጥር የጨመሩት ትእዛዝ ቁጥር ይሆናል። ለሰላዩ 755 ሰጥተው በ«--ሲኤስዲ-ራፐር» እሱን ይጠቁሙ። አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ በሰላዩ በኩል ሠርቶ በቀጥታ ሲሆን የማይሠራ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በመጀመሪያዋ መስመር ወይም በፈቃዱ ላይ ነው፣ ሰላዩ ሁለቱንም ስለሚዘልላቸው።

ሎጉ ውስጥ ቁጥሮቹን እንዲህ ያንብቧቸው። 127 ማለት የተጠራው ፕሮግራም አልተገኘም፤ ብዙ ጊዜ ከርል (ከሰርቨር ጋር መረጃ የሚለዋወጥ ትእዛዝ) ወይም ኤክስኤምኤልስታርሌት (ከኤክስኤምኤል ጽሑፍ ዋጋ የሚያወጣ መሣሪያ) አልተጫነም። ሁለቱም በአፕት ይጫናሉ፤ ኤክስኤምኤልስታርሌት ግን በነባሪነት ከኡቡንቱ ጋር ስለማይመጣ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ። 126 ማለት ተገኝቷል፣ ማስነሳት ግን ተከልክሏል። «ባድ ሰብስቲትዩሽን» የሚል ካዩ ስክሪፕቱ ለባሽ ተጽፎ በዳሽ እየተነበበ ነው፤ በኡቡንቱ «/ቢን/ኤስኤች» ማለት ዳሽ ነው፣ እነዚህ ስክሪፕቶች ከዋጋዎቹ ላይ የጥቅስ ምልክት የሚያነሱበት መንገድ ደግሞ የባሽ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር ወደ ባሽ ይመልሷት።

የተቀሩት አብዛኞቹ የከርል ቁጥሮች ናቸው። ስክሪፕቶቹ ከርልን ድምፅ አጥፍተው በ«-ኤስ» ስለሚጠሩት ስህተቱን ይውጠዋል፤ ከትንሿ ኤስ ጎን ትልቋን ኤስ ቢጨምሩ ዝም ብሎ ይሠራል፣ ሲወድቅ ግን ይናገራል። 6 የሰርቨሩ ስም አልተፈታም ነው። 7 ግንኙነቱ አልተከፈተም፣ 28 ጊዜው አለቀ። 60 የሰርቨሩን ሰርተፊኬት አላመነም። 90 ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ነው፦ ኦፕንኮኔክት አስቀድሞ ያየውን የሰርቨሩን ቁልፍ አሻራ በሲኤስዲ_ኤስኤችኤ256 በኩል ለስክሪፕቱ ይሰጠዋል፣ ከርልም ሌላ ቁልፍ ካገኘ እምቢ ይላል። በአንድ ስም ሥር ብዙ ሰርቨሮች ተሰልፈው ሥራ የሚከፋፈሉበት መሥሪያ ቤት ሲሆን ኦፕንኮኔክት አንደኛው ጋ፣ ከርል ሌላኛው ጋ ሊደርሱ ይችላሉ። ማጣሪያውን ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ከአይቲ ክፍሉ የአንዱን ሰርቨር የራሱን ስም ጠይቀው በሱ ይግቡ።

35 ከመጣ ትንሽ እንቆይ፤ «ኦፕንኮኔክት ከገባ ከርል ለምን አይገባም?» የሚያሰኘው እሱ ነው። በኡቡንቱ ኦፕንኮኔክት ግንኙነቱን ለመመስጠር የሚጠቀመው ጂኤንዩቲኤልኤስን ነው፤ «--ቨርዥን» ብለው ቢጠይቁት ይነግርዎታል። ከርል ግን ኦፕንኤስኤስኤልን ይጠቀማል፣ 22.04 ላይ ደግሞ ሦስተኛውን ትውልድ። ይህ ትውልድ የተሻሻለውን የድጋሚ ድርድር ሥርዓት የማያውቁ አሮጌ ሰርቨሮችን በነባሪነት አያናግርም፤ «አንሴፍ ሌጋሲ ሪኔጎሲዬሽን ዲሴብልድ» ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ በአንዱ መሣሪያ በር ተከፍቶ በሌላው ይዘጋል። ትክክለኛው መፍትሔ የሰርቨሩን ሶፍትዌር ማደስ ነው፤ ያ እስኪሆን ድረስ «አንሴፍሌጋሲሪኔጎሲዬሽን» የሚለውን አማራጭ የያዘ የተለየ የኦፕንኤስኤስኤል ማዋቀሪያ ፋይል አዘጋጅተው በስክሪፕቱ ውስጥ ብቻ በ«ኦፕንኤስኤስኤል_ኮንፍ» ተለዋዋጭ ይጠቁሙት። የሲስተሙን ዋና ፋይል አይንኩ፤ ከነኩ የባንክዎ ገጽ ሳይቀር በተላላ ሕግ ይታያል።

ፕሮክሲ ያለበት ቦታ ከሆኑ ደግሞ ለኦፕንኮኔክት የሰጡት «--ፕሮክሲ» ለከርል አይደርሰውም፣ በተርሚናልዎ ያስቀመጡት የፕሮክሲ ተለዋዋጭም ሱዶ ሲነሳ ይጸዳል። በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት። ኮምፒውተርዎን በአማርኛ ቋንቋ ካዋቀሩትም «ኤልሲ_ኦል=ሲ» የምትል መስመር ከላይ ይጨምሩ፤ ያለዚያ የወር ስሞችና የስህተት መልእክቶች በፊደላችን ሊወጡ ይችላሉ፣ እንግሊዝኛ ጽሑፍ እየፈለገ የሚቆርጥ ስክሪፕትም ባዶ እጁን ይቀራል።

የሁለቱ ስክሪፕቶች ልዩነት ይኸው። «ሲኤስዲ-ፖስት» የሲስኮን ፕሮግራም አያስነሳም፤ ቶክን ይወስዳል፣ ስለ ኮምፒውተሩ ጥቂት መስመሮችን በጽሑፍ ያዘጋጃል፣ ይልካል፣ ያበቃል። «ሲኤስዲ-ራፐር» ግን የሲስኮን እውነተኛ የፍተሻ ፕሮግራም ከሰርቨሩ አውርዶ በቤትዎ ፎልደር ውስጥ «.ሲስኮ/ሆስትስካን» ሥር ያስቀምጥና ያስነሳዋል። የሁለተኛው ችግሮች ሌላ ዓይነት ናቸው። በጣም የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ አንድ ቀን በሩት አስነስተውት ፎልደሩ የሩት ሆኗል፣ በማግስቱ «--ሲኤስዲ-ዩዘር» ሲሰጡ ስክሪፕቱ የራሱን ፋይሎች መጻፍ ይከለከላል። ፎልደሩን በሱዶ አጥፍተው እንደ አዲስ እንዲወርድ ማድረግ ባለቤትነቱን ከማስተካከል ይፈጥናል፤ ኢንተርኔትዎ ቀርፋፋ ከሆነ ግን ብዙ ፋይል ስለሚያወርድ «ቾውን -አር» ይሻልዎታል። የሚወርደው ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሆነ ራዝበሪ ፓይና ሌሎች የአርም ማሽኖች ላይ አይነሳም፤ እዚያ ምርጫው ፖስት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ የሚጽፈውን በዚያው ፎልደር «ሎግ» ሥር «ሲስካን.ሎግ» እና «ሊብሲኤስዲ.ሎግ» ውስጥ ያገኙታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። ስክሪፕቱ «ኮምፕሊትድ ሰክሰስፉሊ» ተብሎለት ዙሩ ከቀጠለ ሪፖርቱ አልደረሰም ወይም ከትክክለኛው ቶክን ጋር አልተያያዘም፤ በሎጉ ውስጥ ቶክኑን የያዘው ተለዋዋጭ ባዶ መሆኑን ይመልከቱ፣ ብዙ ጊዜ ኤክስኤምኤልስታርሌት ስለሌለ ነው። የቅርብ ጊዜ ሰርቨሮች በኤኒኮኔክት የማይጀምር ስም ያለውን ደንበኛ በተለየ መንገድ ስለሚያስተናግዱም «--ዩዘርኤጀንት=ኤኒኮኔክት» ጨምሮ መሞከር ተገቢ ነው።

ዙሩ ቆሞ «ሎጊን ዲናይድ፤ አካባቢህ አስተዳዳሪው ያወጣውን መስፈርት አያሟላም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ከመጣ ግን የስክሪፕት ሥራ አልቋል። ሪፖርቱ ደርሷል፣ ተነብቧል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ያልተሟላ ነገር አግኝቷል፦ አንቲቫይረስ፣ ፋየርዎል፣ ወይም የዊንዶውስ ማሽን ብቻ የሚል ደንብ። «ሲኤስዲ-ፖስት» የሚልከው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የሌለ አንቲቫይረስ ጽፎ መላክ በቴክኒክ ይቻላል። አያድርጉት። የፈረሙትን የአጠቃቀም ደንብ መጣስ ነው፣ አንድ ቀን ችግር ቢፈጠር ደግሞ የሐሰት ሪፖርቱ በስምዎ ተመዝግቦ ይገኛል። ለሊኑክስ ተጠቃሚ የተለየ ደንብ እንዲያወጡ መጠየቅ ይሻላል፤ ለአስተዳዳሪው ከባድ ሥራ አይደለም።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አሠራርዎን እንዲቀይሩ እመክራለሁ። ኦፕንኮኔክትን መጀመሪያ ያለ ሱዶ በ«--ኦተንቲኬት» ያስነሱት፤ ፓስወርዱን ይጠይቃል፣ ፍተሻውን በእርስዎ ስም ያካሂዳል፣ ከዚያ ኩኪ፣ ሆስትና ፊንገርፕሪንት የተባሉትን አትሞ ያበቃል። ቀጥሎ በሱዶ ሁለተኛውን ያስነሱና ኩኪውን በ«--ኩኪ-ኦን-ስታንዳርድኢን» አማራጭ (ተርሚናል ላይ መጨረሻው «ስታንዳርድኢን» በአጭሩ አምስት ፊደል ነው)፣ አሻራውን በ«--ሰርቨርሰርት» ይስጡት። ፍተሻው ሩትን ጭራሹን አያየውም፣ ስለዚህ የ«--ሲኤስዲ-ዩዘር» ጣጣም ይቀራል። በኔትወርክ ማኔጀር መስኮት የሚገቡ ከሆነም በዚሁ መንገድ የመግቢያው ክፍል በእርስዎ ስም ነው የሚሄደው፤ የሲኤስዲ ትሮጃንን የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት ያድርጉና የስክሪፕቱን ሙሉ አድራሻ ከሥሩ ይሙሉ።

ይህ ሁለት ደረጃ የፓሎ አልቶ ኩባንያ ቪፒኤን ለሆነው ግሎባልፕሮቴክት እንዳለ አይሠራም። ኦፕንኮኔክት ከ8.00 ጀምሮ ያንንም ይችላል፣ የፍተሻ ስክሪፕቱም የሚሰጠው በዚያው «--ሲኤስዲ-ራፐር» ነው። ፍተሻው የሚደረገው ግን ከመግቢያው በኋላ፣ በሱዶው ክፍል ስለሆነ «--ሲኤስዲ-ዩዘር» እዚያ ያስፈልጋል። ሌላው ልዩነት፦ የግሎባልፕሮቴክት ስክሪፕት «ሂፕሪፖርት.ኤስኤች» ራሱ አይልክም፤ ወደ መደበኛ ውጤት የሚያትመው ጽሑፍ ራሱ ሪፖርቱ ነው። ለሙከራ ብለው «ኤኮ ደረስኩ» ብትጨምሩበት ያቺም ቃል ሪፖርቱ ውስጥ ገብታ ታበላሸዋለች፤ ወደ ስህተት መስመሩ በ«>&2» ይላኳት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልሆነ የ«ኦፕንኮኔክት --ቨርዥን»ን ውጤት፣ የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመርና የሰላዩን ሎግ የመጨረሻ 30 መስመር ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ትኬት፣ ቶክንና ኩኪ የያዙትን መስመሮች በሙሉ ይሰርዙ፤ «--ደምፕ-ኤችቲቲፒ-ትራፊክ» የሚለውን አማራጭ ተጠቅመው ከሆነ ደግሞ ፓስወርድዎም ውስጡ በግልጽ ስለሚታይ መጀመሪያ እሱን ፈልገው ያጥፉ።